ባለቤት የሌለው ቤት እንግዳ ሲቀበል

በኢትዮጵያ ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ምን እንደሚያደርግ ታስታውሳላችሁ። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እግር ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቃል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋችሁ ግን ቢጠሩት የሚመልስ ሰው ስለሌለበት፣ ነገር ግን እንግዳን ስለሚያሳድር ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው በፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ ላፕላንድ በሚባለው አገር ነው።

በ2018 በጁላይ ወር መጀመሪያ አምስት ሆነን ሄድን። ከሄልሲንኪ እስከ ኢቫሎ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ተመልሰን ኪሎፓ ከሚባለው ተራራ ሥር በአውቶቡስ ደረስን። የመኪና መንገድ እዚያ ያበቃል። ከፊት የሚጀምረው በ1983 የተቋቋመውና በቀድሞው ፕሬዚዳንት በኡርሆ ኬኮነን ስም የተሰየመው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 2,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የእስራኤልን አንድ አሥረኛ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ምድር መንደር የለም። ምድረ በዳ ስንላችሁ ግን እንደ ኔጌብ አሸዋና ድንጋይ አይምሰላችሁ። ጥድ፣ ረግረግ፣ ቀዝቃዛ ወንዝ፣ ራሱ የተመለጠ ጋራ ነው። አልፎ አልፎ ሬንዲር የሚባለው አጋዘን በመንጋ ይታያል፤ አውሬ ይመስላል እንጂ ሁሉም ባለቤት አለው፤ ጆሮው ላይ ምልክት አለበት።

በጫካው ውስጥ እዚህም እዚያም ቤት ተሠርቷል። ፊንላንዶች «አውቲዮቱፓ» ይሉታል፤ ባዶ ቤት እንደማለት ነው። ከግንድ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። በሩ አይቆለፍም፤ ክፍያ የለም፤ መብራትና የቧንቧ ውሃም የለም። ውስጡ በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ የሳንቃ መደብ፣ የብረት ምድጃ፣ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር አለ። ውጭ የማገዶ ቤት ከነመጋዙና ከነመጥረቢያው፣ ራቅ ብሎ ሽንት ቤት። ውሃ ከወንዝ ይቀዳል። ቤቶቹን የሚጠብቀው የመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ነው። አስቀድሞ ከፍለው ቁልፍ የሚወስዱበት ሌላ ዓይነት ቤትም አለ፤ ስለዚያ ብዙ የምንለው የለንም፤ አንሶላ የሌለው ሆቴል ነው።

ባዶውን ቤት የሚያቆመው ሕጉ ነው። ሰው አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ያድራል። ሲሄድ ቤቱን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ተሸክሞ፣ እሳቱ መጥፋቱን አይቶ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን ደረቅ እንጨት ፈልጦ፣ ጭራሮ አዘጋጅቶ ከምድጃው አጠገብ ይተዋል። በክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጣቱ ደንዝዞ የሚመጣ መንገደኛ እንጨት ልፍለጥ ቢል ሊሞት ይችላልና። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ አለ፤ ስም፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ይጻፍበታል። ሰው ቢጠፋ ፈላጊዎች መዝገቡን ያያሉ።

ሌላው ሕግ አስገረመን። ቤቱ ሞልቶ ሳለ አዲስ መንገደኛ ቢመጣ፣ የሚለቀው ቀድሞ የመጣው ነው። የሰው ልማድ «እኔ ቀድሜ ይዣለሁ» ማለት ነበር። እነርሱ ግን ቀድሞ የመጣው ዐርፏል፣ በልቷል፣ ልብሱን አድርቋል፤ መንገዱን ይቀጥል ይላሉ።

ይህ ሕግ ከሰንበት ጋር እንዴት ይስማማል? በሰንበት መንገድ መሄድ አንችል። ደግሞ በዚያ አገር ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሰንበት መቼ ይገባል? መቼስ ይወጣል? ከመሄዳችን በፊት ጠይቀን ነበር። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ 24 ሰዓት እየቆጠራችሁ ቀኑን ለዩ ይላሉ፤ ሌሎቹ የመጣችሁበትን አገር ሰዓት ያዙ ይላሉ። እኛ የኢየሩሳሌምን ሰዓት ያዝን። በበጋ የፊንላንድና የእስራኤል ሰዓት አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችንን እንኳ አልነካንም።

ዓርብ ጠዋት ከኪሎፓ ተነሥተን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሱኦሙንሩኦክቱ ከሚባለው ቤት ደረስን። ባዶ ነበር። ወጣቶቹ ዕቃቸውን መደቡ ላይ ዘረጉ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አባት ግን፣ በ1984 በእግራቸው ሱዳን የገቡ ሰው ናቸው፣ «ልጆቼ፣ ድንኳኑን አሁኑኑ ትከሉ፤ መኝታችንንም እዚያ አግቡ» አሉ። «አባባ፣ ማን ይመጣል ብለው ነው?» ቢባሉ፣ «ሰው ቢመጣ በሰንበት ዕቃ ልንሸከም ነው? ወይስ እንግዳ በር ላይ ልናቆም?» አሉ። ክርክሩ አበቃ። እያጉረመረምን በካፊያው ውስጥ ተከልን። ምድጃውንም ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አጠፋን፤ ዳቦአችንን ባርከን ቀዝቃዛ ምግባችንን ቤት ውስጥ በላን። ፀሐይዋ ገና ከጋራው በላይ ነበረች።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ሰባት ሰዎች፣ ሁለቱ ልጆች፣ በዝናብ ረጥበው መጡ። እኛ ወጥተን ወደ ድንኳኑ ስናመለክት እነርሱ አብረን እንሁን ብለው በእጃቸው ለመኑን። ከዚያ ለራሳቸው እሳት አነደዱ። እዚህ ላይ ተለያየን። ወጣቶቹ «ለራሱ ያነደደው አሕዛብ ከሆነ መሞቅ ተፈቅዷል፤ ረቢዎች እንዲህ ያስተምራሉ» ብለው ምድጃው ዳር ተቀመጡ። አባባ ግን «በመንደራችን ቄሶቹ በሰንበት እሳት ከቤት እንዲያድር አይፈቅዱም ነበር» ብለው ድንኳን ገቡ። ማንም ማንን አልተቈጣም። ጠዋት ግን የአባባ እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ኮከብ መፈለግ ልማዳችን ነው። በዚያ ሰማይ ኮከብ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዓቱን አሳየናቸው፤ ትንሽ ቆዩ አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «እንግዲህ ኢየሩሳሌም መሽቷል» ብለው ባረኩ፤ ከዚያም መጀመሪያ ያነሡት መጥረቢያውን ነበር። የሰባቱ ሰዎች እሳት የበላውን እንጨት እርሳቸውና አንድ የፊንላንድ ልጅ ሆነው ተኩ። እሑድ ጠዋት መዝገቡ ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈን ወደ ሉይሮ ሐይቅ ቀጠልን። እዚያ ከ718 ሜትር ከፍታው ሶኮስቲ ጋራ ሥር የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ፤ ለደከመ እግር ጥሩ ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ስንቅ ሁሉ ከቤት ይያዝ፤ በሶና ቆሎ ከሁሉ ይሻላል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። በጁላይ ትንኙ አፍና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የፊት መረብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ብትሄዱ ትንኙ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ይቀላል፣ ሌሊቱም ይጨልማል፤ ሰማዩ ከጠራ ሦስት ኮከብ ታገኛላችሁ።