እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥልኝ

አማርኛ «ለማኝ» የሚል ቃል እያለው «የኔ ቢጤ» የሚለውን ለምን ጨመረ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው። ቢጤ ማለት አምሳያ፣ እኩያ ማለት ነው። መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ የተቀመጠውን ሰው በምጠራበት ስም ውስጥ «እኔ» አለሁበት። በጣም ደፋር ቃል ነው። ሰባኪ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ነገር በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

ችግሩ ከሱ አጠገብ የሚውል ሌላ አባባል አለን፤ «እግዜር ይስጥህ»። የምንሰጠው ሲጠፋ፣ ወይም መስጠት ሳንፈልግ ስንቀር የምንለው። አሁን አሁን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሰማል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ካፌውም ሱቁም በስልክ ሆኗል፤ ኪስ ውስጥ ዝርዝር ይዞ የሚዞር ሰው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ «ካሽ አልያዝኩም፣ እግዜር ይስጥህ» ሲባል ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እኔን የከነከነኝ የኪሱ ነገር ሳይሆን ሰዋስዉ ነው።

ስናመሰግንም እኮ ያንኑ እግዜር ነው የምንጠራው፤ «እግዜር ይስጥልኝ»። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። «ህ» ወጥታ «ልኝ» ገባች። ይህች «ልኝ» ቀላል አይደለችም፤ ውለታህን መመለስ አልችልም፣ በእኔ ፈንታ እሱ ይክፈልህ ማለት ነው። ባለዕዳው እኔ ነኝ፣ ዋሴ እሱ። መጽሐፈ ምሳሌ 19፥17 ለድሃ የሚሰጥ ለእግዚአብሔር እንደሚያበድር ይናገራል። የኛ ምስጋና ያንኑ ውል ከተቀባዩ በኩል የተፈረመበት ይመስለኛል። ሙስሊም ጓደኞቼ «ጀዛከላህ» ሲሉም ነገሩ ያው ነው፤ ሂሳቡ ወደ ላይ ይላካል።

«እግዜር ይስጥህ» ውስጥ ግን እኔ የለሁም። ሰጪው እሱ፣ ተቀባዩ አንተ፣ እኔ በመሃል አልፌ ሄጃለሁ። (በዚሁ ቃል የሚያመሰግኑም አሉ፤ እዚያ ላይ የሚለየው ድምፁ ነው።) በእኛ ሙያ አንድ ሰርቨር የተጠየቀው ነገር ለጊዜው ሌላ አድራሻ ላይ ከሆነ 302 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ «ወደዚያ ሂድ» እንደማለት። ጨዋ መልስ ነው፣ ስህተት ተብሎ እንኳ አይመዘገብም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የሚወቅሰው ሰውም ጨዋ ነበር። የታረዘው እንዲሞቀው፣ የተራበው እንዲጠግብ ከልቡ ተመኝቷል። አልተሳደበም፣ በር አልዘጋም። የቀረው ልብሱና እንጀራው ብቻ ነው። ይህን ክፍል ሳነብ ግን ሁሌ አንድ ጥያቄ ይቀርብኛል፤ እሺ፣ እውነት ባዶ እጁን የሆነ ሰውስ ምን ይበል?

ባለፈው በ21 ማርያም ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። የዕለቱን ባለቤት ከማንም በላይ የሚያውቁት የኔ ቢጤዎች ናቸው፤ በ12 «ስለ ሚካኤል»፣ በ19 «ስለ ገብርኤል»፣ ያን ቀን ደግሞ «ስለ እመብርሃን»። በሩ ስር ሁሌ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ነጠላ ያጣፋች ሴትዮ ከቅዳሴ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ፈለገች፣ አጣች። አላለፈችም። ጎንበስ አለችና፣

«ዛሬ ምንም አልያዝኩም አባባ። እግርዎ እንዴት ሆነልዎት?» አለች።

«ተመስገን ነው። ብርዱ ነው እንጂ።»

«ነገም በዚሁ ነው የማልፈው፣ ይዤ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሏት፣ ዘርግተውት የነበረውን ባዶ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው እየመለሱ።