ጋሼ ደህና ናቸው

ከክፍለ ሀገር መጥቶ አዲስ አበባ የቀረ ሰው ሁሉ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ ማስተናገድ። እኛ የሚዛንና የቴፒ ልጆችም ከዚህ አላመለጥንም። ኪራዩን ተካፍለን በምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንዲት ፍራሽ የማናችንም አይደለችም፤ የእንግዳ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ በኮረሪማና በጥሬ ቡና ሽታ ይሞላል፣ ማር በጀሪካን ይወርዳል፣ እኛም ተራ ገብተን ካርድ እናወጣለን፣ ወረፋ እንይዛለን፣ የላብራቶሪ ውጤት እንቀበላለን። በዚህ ዓይነት የከተማዋን ሆስፒታሎች ከታክሲ ረዳት እኩል ሳናውቃቸው አንቀርም።

ከእንግዶቻችን ሁሉ ቋሚው ጋሼ ናቸው። የአንዳችን አጎት ናቸው፤ ዝምድናው ግን ከመላመድ ብዛት ለሁላችንም ደርሷል። ቴፒ አካባቢ የቡና ማሳ አላቸው። በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፣ ሁለት ቀን ያድራሉ፣ ኪኒናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በሽታቸው የደም ካንሰር ነው። ይህን ስንናገር ሰሚው ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል። ጋሼ ግን ከንፈር የሚመጥላቸውን ሰው አይወዱም። “ምን ሆንኩ? ደህና ነኝ!” ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ደህና ናቸው። ያስቸገረንም ይኸው “ደህና ነኝ” ነው።

ነገሩ የጀመረው በግራ ጎናቸው ነው። ትንሽ በልተው ጠገብኩ ማለት አበዙ፣ ሌሊት ያልባቸዋል፣ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም አለ፤ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ግን አንድ ጠጣር ነገር እያደገ መጣ። ቴፒ ቆላ ነው፤ በወባ አገር ደግሞ ጣፊያ ሲያብጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ማንም ቢሆን እንደዚያ ያስባል፤ ወባ በእርግጥም ጣፊያ ያሳብጣል። እሳቸውም የወባ መድኃኒት ዋጡ፣ እንደገና ዋጡ። ጣፊያቸው ግን ወይ ፍንክች። በኋላ አንድ ሐኪም የደም ቆጠራ አዘዘላቸው። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። የጋሼ ከ200,000 በላይ ወጣ። ወባ አልነበረም፤ ሐኪሞች ሲኤምኤል የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ እናውራ። አትሽሹ፤ ስለ ቡና ነው የምናወራው።

ቡና ያለው ሰው ጉንደላን ያውቃል። ያረጀ የቡና ተክል ምርቱ ሲቀንስ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ተትቶ ይቆረጣል። ለከተማ ሰው ጭፍጨፋ ይመስላል። ዝናብ ሲያገኝ ግን ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ይፈላል፤ ገበሬው ጠንካራ ጠንካራዎቹን መርጦ ያሳድጋል፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላም ይለቅማል። ቅጠሉ ቢሄድም ሕይወቱ ያለው ግንዱ ላይ ነው።

ደማችንም እንዲሁ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። የረገፈውን ለመተካት ሰውነታችን በየቀኑ ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጋ አዲስ ቀይ ሴል ይሠራል። ይህ ሁሉ ቡቃያ የሚወጣው አጥንታችን መቅኔ ውስጥ ከተቀመጡ ጥቂት ሴሎች ነው። ፈረንጆቹ ስቴም ሴል ይሏቸዋል፤ ስቴም ደግሞ ግንድ ማለት ነው። ለካ ከእኛ ገበሬ ጋር አንድ ነገር እያዩ ኖረዋል!

ይህ የታወቀው በአይጥ ጣፊያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ጀምስ ቲልና ኧርነስት ማከላ የተባሉ ተመራማሪዎች መቅኔያቸው በጨረር ለተጎዳ አይጦች የሌላ አይጥ መቅኔ ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታዩ። እያንዳንዱ እብጠት የአንዲት ሴል ዘር ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴል ተባዝታ ብዙ ዓይነት የደም ሴል ልትወልድ እንደምትችል በዚህ ተረጋገጠ።

ታዲያ ያቺ አንዲት ግንድ ብትበላሽስ? የጋሼ በሽታ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሰዎች ፊላደልፊያ ውስጥ በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ሴል ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች የቺካጎ ሐኪም ምክንያቱን ደረሰችበት፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በልውውጡ ሁለት የማይተዋወቁ ጂኖች ይገጣጠሙና ሴሉን “ተባዛ፣ ተባዛ” እያለ የሚነዳ ፕሮቲን ይሠራሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቶ ሌት ተቀን እንደሚበራ አምፖል ማለት ነው።

ኢማቲኒብ የሚባለው ኪኒን ያንን አምፖል ያጠፋል። ብራያን ድሩከር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1998 ጀምሮ በሕመምተኞች ላይ ሞከረው፤ በግንቦት 2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ቀድሞ ከጥቂት ዓመታት በላይ ይኖራል የማይባል በሽተኛ ዛሬ ኪኒኑን በሥርዓት ከወሰደ የጤነኛ ሰው ዕድሜ ያህል ሊኖር ይችላል። ጋሼም ኪኒኑን በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣፊያቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሱሪያቸውም ወገባቸው ላይ ቆመ።

ከዚያ የለቀማ ወቅት መጣ። የቀላ ቡና ቀጠሮ አያውቅም፤ ካልለቀሙት ይረግፋል፣ የለቀሙትንም ቶሎ ካልደረሱለት ይበላሻል። ሦስት ወሩ ሲሞላ ደወልንላቸው። “ደህና ነኝ እኮ! ቡናው ይግባና እመጣለሁ” አሉን። በወሩ ስንደውል ያው መልስ። የመጡት በአምስተኛው ወር ነው፤ ቁጥሩም ጣፊያውም አብረው ተመልሰው ነበር።

ይህ የጋሼ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው። ኪኒኑ ቡቃያውን ይቆርጣል እንጂ ጉቶውን አይነቅልም። መቅኔ ውስጥ ተኝተው የሚቆዩት የታመሙ ግንዶች ኢማቲኒብ ብዙም እንደማይነካቸው ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የፈረንሳዮች ጥናት ሁለት ዓመት ሙሉ ደማቸው ውስጥ የበሽታው ርዝራዥ ያልታየ ሰዎችን ኪኒኑን አስቁሞ ተከታተለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ በሽታው ተመለሰ፤ ብዙዎቹ ላይ ገና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ተመርጠው፣ በቅርብ እየተመረመሩ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። በቡና ለቀማ ምክንያት ያቆመ ሰው አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ ክሮሞሶም ለጋሼ ማስረዳት አልሆነልንም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ ጉንደላውን አነሳችላቸው። ዝም ብለው ሰሙና፣ “እንዲያ ከሆነ ኪኒኑ ገጀራ ነው በሉኛ! ጉቶው እስካለ ገጀራ አይቀመጥም” አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ኪኒን ዘለልኩ ብለው አያውቁም። አንድ የቡና ገበሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር እኛ በሳምንት ያልቻልነውን ጨረሰው።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን ነበር፤ “ሕዝቡን ማስተማር ያስፈልጋል” ብለን ለመዝጋትም ይመቸን ነበር። ግን ጋሼ ተምረዋል። ያልተማረው መንገዱ ነው።

ኪኒኑ ለጋሼ በነጻ ነው የሚሰጣቸው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ማክስ ሪቫሮላ የተባለ አርጀንቲናዊ ልጅ በዚሁ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 በ17 ዓመቱ ሞተ። ቤተሰቦቹ በ1997 በስሙ ማክስ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ከመድኃኒት አምራቾች ጋር ተስማምቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለብዙ አገሮች ሕመምተኞች ኪኒኑን በነጻ ሲያደርስ ቆይቷል። እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በነጻ የሚሰጠውን ኪኒን ለመውሰድ ጋሼ በዓመት አራት ጊዜ ይመላለሳሉ። ከእነሱ አገር አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ተደምሮ በዓመት ከ4,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የአውቶቡሱ፣ የምግቡ፣ የቀረው የሥራ ቀን፣ ማሳውን የሚጠብቀው ሰው ሒሳብ ሲደመር “ነጻ” የምትለዋ ቃል ምን ትላለች? እኛ ዘንድ ፍራሽ ስላላቸው ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የሼኮ ወይም የመኢኒት ገበሬስ?

ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ የሰጠ ሰው አለ። ጄሪ ራዲች ይባላል፤ ሲያትል በሚገኘው ፍሬድ ሀች የካንሰር ማዕከል የደም ካንሰርን ሲመራመር የኖረ ሳይንቲስት ነው። ራዲችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ነገር ለሰሚው ተራ ይመስላል። የሕመምተኛውን ደም ጥቂት ጠብታ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ፣ ማድረቅ፣ በፖስታ መላክ። በቃ። ከደረቀው ጠብታ ውስጥ የተገጣጠመው ጂን መጠን ይለካል፤ ኪኒኑ መሥራት ያቆመበት ሰው ከሆነም በሽታው ምን ዓይነት ለውጥ አድርጎ እንዳመለጠ ይነበባል። ሐኪሙ የትኛው ሌላ መድኃኒት እንደሚሻል ከዚህ ይነሳል። በ2021 ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሐኪሞች ከእነ ዶክተር ፍስሐጽዮን ታደሰና ፕሮፌሰር አምሃ ገብረመድህን ጋር፣ ኢማቲኒብ የማይሠራላቸው ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አብሮ አሳትሟል። ለቲቢ ምርመራ አገራችን የሚያውቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽንም ለዚህ በሽታ የሚሆን የራሱ ካርትሪጅ አለው።

ስለዚህ ሰውየው ከሚሄድ ደሙ ይሂድ ማለት ቅዠት አይደለም። የእኛ አገር ፍሬ ከዚህ በላይ ተጉዟል። ጌሻ ቡና በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተለቅሞ ወጣ፤ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ ደርሶ በ2004 በጨረታ የዋጋ ክብረ ወሰን ሰበረ። ለእኛ የደረሰን ዝናው ነው። የጋሼ ደም ግን ሄዶ እንዳይቀርብን፤ መልሱ ቴፒ ድረስ መመለስ አለበት፤ ኪኒኑም እንዲሁ። ሚዛን አማን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለ። አዲስ አበባ ያለው የደም ሐኪም በዓመት አንዴ ያያቸው፤ በየመሃሉ ደማቸውን የሚቆጥርና ኪኒናቸውን የሚሰጥ ሰው በቅርባቸው ይኑር። የምንጠይቀው ይህንን ነው።

እስከዚያው እናንተም አንድ ነገር ያዙልን። አገር ቤት ስትደውሉ ግራ ጎኑ ያበጠ፣ የሚከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ውጦ ያልተሻለው ሰው ካለ፣ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ቆጠራ እንዲያስደርግ ንገሩት። ኪኒን ጀምሮ “ደህና ነኝ” የሚላችሁ ካለ ደግሞ፣ ደህና ያደረገው ኪኒኑ መሆኑን አስታውሱት።