«አህያ ገብታብን ነው» ያልኩት ውሸት ፍሎሪዳ ላይ ተጋለጠ

ሰው አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ የሚጠየቀው ስለ ኒውዮርክ ፎቅ፣ ስለ ዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤትና ስለ ዲዝኒ ወርልድ ነው። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ሌላ ቦታ ነው። ስሙን ብነግራችሁ ብዙዎቻችሁ «እሱ ደግሞ የት ነው?» ትላላችሁ። ኦካላ ይባላል። ፍሎሪዳ መሀል ላይ ያለች፣ በፈረስ እርባታ የታወቀች ከተማ ናት። ታዲያ እኔን እዚያ የወሰደኝ ፈረስ አይደለም፤ የፈረስ ጉልበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥር ዓመት የምበልጠው ታናሽ ወንድሜ ታምፓ ከተማ ይኖራል። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሠራተኛ ነው፤ ለእናታችን ወር ጠብቆ ይልካል፤ ምንም አይወጣለትም። አንድ አመል ግን አለው፤ ፍጥነት። ማታ ከሥራ ሲወጣ ከእኩዮቹ ጋር ባዶ መንገድ ፈልገው ይሽቀዳደማሉ። ሁለት ጊዜ ፖሊስ ይዞ ቀጥቶታል። ይህ ወሬ በዘመድ አዝማድ ዞሮ ዞሮ እናታችን ጆሮ ገባ። ለሦስት ሳምንት ልጠይቀው ስነሳ እማዬ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እየከተተች «አደራህን፣ ያንን ልጅ ምከረው። አንተን ይሰማል» አለችኝ።

አንተን ይሰማል! ይቺን ስሰማ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ታምፓ እንደደረስኩ ምክሬን ጀመርኩ። «ኧረ ተው፣ የእናትህን ዕድሜ አታሳጥር» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የደብረ ዘይት መንገድ አይደለም፤ አህያ አይገባብህም!» ይለኛል። ዝም እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሲሰለቸው «እሺ፣ እሁድ አንድ ቦታ ልውሰድህ። ያኔ ፍጥነት ምን እንደሆነ ይገባሃል» አለኝ።

እናላችሁ እሁድ ጠዋት 75 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ሰሜን ነጎድን። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተለሰነ ነው። እኔ ግን ከጎኑ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ነው የደረስኩት።

የሄድንበት ቦታ የዶን ጋርሊትስ የድራግ እሽቅድምድም ሙዚየም ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1932 ታምፓ ውስጥ ተወለደ፤ በመኪና ፍጥነት ስሙን ከተከለ በኋላ ይህን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1984 ከፈተ። ወንድሜ የሰፈሩ ልጅ ይመስል በኩራት ነው የሚያወራለት።

«ድራግ» ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መታጠፍ የለ፣ መዞር የለ፤ ከቆሙበት ተነስተው ቀጥ ባለ መንገድ መፈትለክ ብቻ ነው። ርቀቱ ከጥንት የተለመደው ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው። ኃይሌና ቀነኒሳ ደወል ተደውሎላቸው የሚፈተለኩባት የመጨረሻ ዙር ያህል ማለት ነው። ጋርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ይችን ርቀት ከ6 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሷታል። ሲጨርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና ፍሬን ብቻውን አያቆመውም፤ ከኋላው ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ልክ እንደ ፓራሹት ወታደር።

መጀመሪያ የገባነው የጥንት መኪኖች ያሉበት ክፍል ነው። ምን አለፋችሁ፣ እኛ አገር ለሠርግ የምንከራያቸው አሮጌ መኪኖች አያቶች ሁሉ እዚያ ተሰልፈዋል። ቀለማቸው ፊት ያሳያል። እኔ በ1930ዎቹ ፎርዶች ፊት ቆሜ ቀረሁ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ስምንት ሲሊንደር ያለውን ቪ8 ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ጉልበት በአብዛኛው የሀብታም ነበር። መኪኖቹ አርጅተው ዋጋቸው ሲወድቅ የአሜሪካ ጎረምሶች እጅ ገቡ። ጎረምሶቹም ክብደት ይቀንስ ብለው ፓራፋንጎውን ነቀሉ፣ ጣሪያውን ቆረጡ፣ ሞተሩን ጎረጎሩ። ከዚያማ በየመንገዱ መሽቀዳደም ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጭራሽ ባሰበት፤ ሰው ይሞታል፣ ፖሊስ ያሳድዳል፣ ጋዜጣ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ነው እኔም ያላወቅሁትን የተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ1951 ዋሊ ፓርክስ የሚባል የሆት ሮድ መጽሔት አዘጋጅ አንድ ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጆቹን «ፍጥነት ተዉ» ብትሏቸው አይሰሙም። ስለዚህ ከመንገድ አውጥታችሁ ወደ ሜዳ ውሰዷቸው። ጥለውት የሄዱት የአውሮፕላን ማረፊያ ሞልቷል። የራስ ቁር ያድርጉ፣ መኪናቸው ይመርመር፣ ዳኛ ይኑር። ድራግ እሽቅድምድም እንዲህ ነው ወግ ያገኘው። በሌላ አነጋገር ወንድሜ የሚያመልከው ስፖርት ወንድሜ የሚያደርገውን ነገር ለማስቀረት የተቋቋመ ነው!

ይህንን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፤ ፊቱ ግን ትንሽ ቀላ።

ከዚያ ወደ እሽቅድምድም መኪኖቹ ክፍል ተሻገርን። እነዚህ መኪና ናቸው ለማለት ይከብዳል። ፊታቸው እንደ ዘንግ ቀጥኖ የረዘመ፣ የኋላ ጎማቸው ወገብ የሚደርስ ጉዶች ናቸው። ጋርሊትስ መኪኖቹን «ስዋምፕ ራት» ይላቸዋል፤ የረግረግ አይጥ እንደማለት ነው። ከአንድ ጀምሮ ቁጥር እየሰጠ ነው የሠራቸው። መነሻቸው ላይ የሚቆመውን የመብራት ምሰሶ «የገና ዛፍ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ቢጫው በርቶ አረንጓዴው ሲመጣ ትወጣለህ። ቀድመህ ከወጣህ ቀይ ይበራል፤ ምንም ያህል ብትፈጥን ተሸንፈሃል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ አይደል?

ወንድሜ እጄን ይዞ ሞተሯ ከኋላ ወደሆነ አንድ መኪና ወሰደኝ። «ይቺ ናት» አለኝ። ታሪኩንም ራሱ ያወራልኝ ጀመር።

ድሮ እነዚህ መኪኖች ሞተራቸው ከፊት ነበር። ነጂው ከሞተሩ ኋላ፣ ማርሹን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ነው የሚቀመጠው። መጋቢት 8 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አጠገብ የጋርሊትስ መኪና ገና ስትነሳ ማርሹ ፈነዳ። መኪናዋ ለሁለት ተቆረጠች። የቀኝ እግሩም ፊተኛው ክፍል አብሮ ሄደ። «ሌላ ሰው ቢሆን ያቆም ነበር» አለኝ ወንድሜ ዓይኑ እያበራ። ጋርሊትስ ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሞተሩን ከነጂው ኋላ ስለማድረግ አሰበ። ከእሱ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ እያለ አስቸገራቸው። እሱና ሠራተኞቹም መጀመሪያ ተቸገሩ። በመጨረሻ መፍትሔው ምን ሆነ? መሪውን ማዘግየት! ነጂው መሪውን ትንሽ ሲነካ ጎማው ብዙ እንዳይዞር አደረጉት። በ1971 መጀመሪያ በዚያች መኪና ፖሞና ላይ የተደረገውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሞተር ሲፈነዳ ፊቱ ላይ የሚፈነዳበት ነጂ ቀረ።

«አየህ ጋሼ፣ ወንድ ማለት ይኼ ነው» አለኝ።

«በዚያ ቀን ተመልካቾች መሀል የነበረ ልጅስ?» አልኩት። ከማርሹ የተፈናጠረው ብረት አንድ ወጣት ተመልካች ላይ ደርሶ ክፉኛ አቁስሎታል። ወንድሜ ዝም አለ። ያንን ልጅ በታሪኩ ውስጥ አልፎት ነበር።

እኔም ዝም ብዬ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። ግን አልቻልኩም። እናቴ «አንተን ይሰማል» ያለችው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«አህያዋን ታስታውሳታለህ?» አልኩት።

ወንድሜ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ እኔ የአባታችንን ዲኤክስ ቶዮታ በሌሊት ይዤ ወጥቼ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተጋጭቻለሁ። መኪናዋ ተጨፈለቀች። እኔ ጉልበቴን ተሰፋሁ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። ቤት ስንገባ «አህያ ገብታብን ነው» አልኩ። ጓደኛዬም ለእኔ ብሎ ዋሸ። ቤተሰቡ «እግዜር አተረፋችሁ» ብሎ ጠበል ጠዲቅ ደገሰ። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ወንድሙ ለእንስሳ አዝኖ መሪ እንደጠመዘዘ ሲያወራ ነው ያደገው።

«አህያ አልነበረችም» አልኩት። «ከአንድ ሚኒባስ ጋር ስንሽቀዳደም ነበር። ጓደኛዬ ቀስ በል እያለ ይለምነኝ ነበር።»

ምንም አልመለሰልኝም። ብዙ ደቂቃ መኪናዋን እያየ ቆመ። ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ «እሱ ያውቃል? ለእኔ እንደነገርከኝ?» አለኝ። «ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው። በየበዓሉ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፣ ስለ እግሩ ግን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

ስንመለስ ወንድሜ መኪናውን ያለወትሮው በዝግታ ነዳ። «ከእንግዲህ አልሽቀዳደምም» ብሎ ቃል አልገባልኝም፤ እኔም አላስገደድኩትም። ግማሽ መንገድ ላይ ብቻ «ተራ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ከፍሎ የሚሞክርበት ሜዳ አለ። ካማረኝ እዚያ እሄዳለሁ» አለኝ። ማታ ደግሞ ስልኩን አቀበለኝና «ደውልለት» አለኝ። አዲስ አበባ ነግቶ ስለነበር ደወልኩ። ከጓደኛዬ ጋር የተባባልነውን ለእኛው ተዉልን።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የድራግ ሰዎች እንኳን ለፍጥነት ልክ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ታዋቂ ነጂ በውድድር ከሞተ በኋላ ለፈጣኖቹ መኪኖች ርቀቱን ከ402 ወደ 305 ሜትር አሳጠሩት። ጋርሊትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በ87 ዓመቱ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ያውም በሜዳ ላይ፣ የራስ ቁር አድርጎ፣ ታጥቆ። ሥራው የሆነ ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀ እኛ በሰው ሰፈር፣ በሰው ልጅ መሀል ምን ይዘን ነው የምንጣደፈው? የሚሽቀዳደም ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁም ስትመክሩ ከስብከት አትጀምሩ። የራሳችሁ ጠባሳ ካለ ከእሱ ጀምሩ።

አገሬ እንደገባሁ እማዬ «መከርከው?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ስለ አህያዋ ነገርኳት። ቡናዋን እየቀዳች ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለችኝ። «አባትህ በነጋታው ሄዶ መንገዱን አይቶ መጥቷል። እስኪነግረን እንጠብቀው ብሎኝ ነበር።»

አባታችን ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ጠብቆኝ ጠብቆኝ ሄደ። እናንተ ግን የሚጠብቃችሁ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

ቸር ይግጠመን!