29 ጎልና አንድ ጉልበት

ባለፈው እሑድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ እሑድ ማለዳ በር የሚያንኳኳ ሰው ብዙውን ጊዜ «ውኃ መጣች» ሊል ነውና ጀሪካን አንጠልጥዬ ከፈትኩ። ከደጅ የቆሙት ግን ከሥራችን ያለው ቤት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ዶክተር፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። እርስዎን ያፍራል» አሉኝ።

ልጁን በሚገባ አውቀዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የመኪና ማቆሚያ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ፣ የእኔንም መስኮት ሁለት ጊዜ የሰበረ ልጅ ነው። አሁን አንድ ክለብ ለወጣት ቡድኑ ፈልጎታል። ልምምዱ ጠዋት ስለሆነ ልጁ ትምህርቱን ሊተው ቆርጧል። እናቱን ያስለቀሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከሁለት ወር በፊት ጉልበቱን ተጎድቶ ኖሮ እስከ ትናንት ደብቋቸዋል።

እመክረዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያም ምን ብዬ እንደምመክር ሳስብ ዋልኩ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ልጅ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ የእንግሊዝ ተጫዋች ስም ጀርባው ላይ ጽፎ አይዞርም። የሚለብሰው ቡናማና ቢጫ፣ ቁጥሩም 10 ነው፤ የአቡበከር ናስር ማሊያ። አቡበከር የኢትዮጵያ ቡና አጥቂ ሳለ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጠረ። በፕሪሚየር ሊጋችን ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ያን ያህል ያገባ ተጫዋች ከእርሱ በፊት አልነበረም። ዕድሜው ገና 21 ነበር።

ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ለማስታወስ አፍታ ልቁም። የትግራይ ጦርነት ጥቅምት ላይ ፈንድቶ ነበር። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራትና ስሑል ሽረ ከሊጉ ጠፍተው ውድድሩ በ13 ክለቦች ብቻ ተካሄደ። መቐለ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የሀገሪቱ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። በኮሮና ምክንያት ደጋፊው ወይ አልተፈቀደለትም ወይ በጣም ተመጥኖ ነበር። ቡድኖቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ይጫወቱ ነበር። 13 ክለብ ማለት ለአንድ ቡድን 24 ጨዋታ ማለት ነው። 29 ጎል በ24 ጨዋታ! ቡና ግን ዋንጫውን አልወሰደም፤ ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማ ነው። የሀገራችንን የዚያን ዓመት ዜና ስከታተል ልቤን ሳያደማ የሚያልፍ ወሬ የዚያ ልጅ ጎል ብቻ የሆነበት ሳምንት ነበረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላም አጋጣሚ ነበር። ሊጉ በሱፐርስፖርት ካሜራ ለአፍሪካ መታየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የእኛ አጥቂ 29 ቀርቶ 40 ቢያገባ ከሞያሌ ወዲያ ማን ያየው ነበር? በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመውና አቡበከር የውድድር ዘመኑን ከቡና ጋር ጨርሶ ወደ ፕሪቶሪያ ሄደ። ሰንዳውንስ ተራ ክለብ አይደለም፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግን ያነሣ፣ በሀገሩ ዋንጫ የሚጠግብ ክለብ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የጎረቤቴ ልጅም ያውቃል፤ ጉዳት መጣና ከሜዳ ለረጅም ጊዜ አራቀው። 29 ጎል ያገባ እግር የሐኪም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ወራት ተቆጠሩ።

ከእርሱ በፊት የሄዱትም የየራሳቸው ዕድል ገጥሟቸዋል። ፍቅሩ ተፈራ ከደቡብ አፍሪካ አልፎ ሕንድ ደርሶ በ2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል አስቆጠረ። ሳላዲን ሰዒድ ግብፅንና ቤልጅየምን ቀምሷል፤ ሽመልስ በቀለ በግብፅ ክለቦች ዓመታት ኖሯል። ቁጥራቸው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እዚህ የቀረው ተጫዋችስ? ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚያድሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዙ ይዘገያል፤ ከንቲባው ሲቀየር አሠልጣኙ ይቀየራል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን እኔ የዶክትሬት ዲግሪዬን ይዤ የማገኘው ከዚያ ሲሶ አይሞላም ነበር። ባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት «ኳስ በተጫወትን» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቁ ምሬት ነበረበት። እኔ ግን በተጫዋቹ አልቀናሁም፤ እኔ በ45 ዓመቴ አስተምራለሁ፣ ፈጣሪ ከፈቀደ በ60ም አስተምራለሁ። እርሱ በ33 ዓመቱ ጡረታ የሌለው ጡረተኛ ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር። በዚያ ዘመን ብርቱ የነበረው የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ስሙ እንደሚነግረን የፋብሪካ ክለብ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ያስቀረው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ መካኒክ ነበር፤ ኳሱ ቢከዳው የሚይዘው መፍቻ ነበረው። እኛ አቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ሰዎች ፋብሪካ ብርቃችን አይደለም። ግን ዛሬ በዚህ ሠፈር ላለ የ18 ዓመት ተጫዋች ከማሊያው ጋር ሙያ የሚሰጠው ማን ነው? ሜዳውም ቢሆን ያው ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ «ሜዳችን» የነበረው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የእኛን ስታዲየሞች ካፍ ከደረጃ በታች ብሎ ዘግቷቸው ነበር። ደስታችንን እንኳ ተከራይተን ነው የተደሰትነው።

ይህን ሁሉ አሰላስዬ ልጁን ለማግባባት ቀላል መስሎኝ ነበር። ማታ ጠራሁት። ጫፉ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ሰማኝ። ስለ ጉዳት ነገርኩት፤ ስለ ደመወዝ ነገርኩት፤ ኳስ ዕጣ ነው፣ ከሺህ አንዱ ነው የሚደርሰው አልኩት። «መጀመሪያ ፈተናህን ውሰድ» ብዬ ጨረስኩ።

«ጋሼ፣ ፈተናውስ ከስንት አንዱን ነው የሚያሳልፈው?» አለኝ።

ጥያቄው በአክብሮት የቀረበ ነበር፤ ለዚህ ነው ያቃጠለኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። እኔ ራሴ በዩኒቨርሲቲያችን መድረክ ላይ «ኩረጃ መቅረቱ መልካም ነው» ብዬ ፈተናውን የደገፍኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ነገር ግን ከመቶ ከዘጠና በላዩን ሲጥል የኖረ በር ፊት ለፊት ቆሜ፣ ኳስ ዕጣ ነውና ወደዚህኛው ግባ ማለቴ ለራሴም ጆሮ ጎረበጠኝ። እርሱ የሚያየው ሁለት ዕጣ ነው። በአንደኛው ጎበዝ እንደሆነ አሠልጣኝ ነግሮታል፤ በሁለተኛው ጎበዝ እንደሆነ የነገረው መምህር የለም። መምህሮቹን ያሠለጠንነው ደግሞ እኛው ነን።

«እስቲ ጉልበትህን አሳየኝ» አልኩት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ። የግራው ከቀኙ አብጧል። ስነካው ከንፈሩን ነከሰ፣ ድምፅ ግን አላሰማም። የክለቡ ሰዎች ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ካወቁማ አይወስዱኝም» አለ። ሐኪም አይቶትም አያውቅም፤ ወጌሻ ብቻ ነው ያሸው። አቡበከር ሲጎዳ የሰንዳውንስን ያህል አቅም ያለው ክለብ ነበረው። ይህ ልጅ ያለው እናቱና አንድ ወጌሻ ነው።

ተስማማን፤ ማክሰኞ አብረን ሄደን ምርመራ ሊያደርግ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ወደ ልምምድም ሳይሄድ ከትምህርት ቤትም ሳይቀር። ወጪውን እኔ ልችል፣ ለአሠልጣኙም እውነቱን ራሱ ሊነግር። የመጨረሻውን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወደ ታች ሳወርደው እናቱ ደረጃው ላይ ይጠብቁን ነበር።

«ምን አሉት ዶክተር?»

«ማክሰኞ ጉልበቱን እናሳያለን።»

«እሱስ ይሁን። ፈተናውንስ?»

አፌን ስከፍት ከምድር ቤት አንድ ሰው «ውኃ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ልጁ በዚያ ባበጠ ጉልበቱ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ለእናቱ ጀሪካን ሊያመጣ ሮጠ። «ቀስ በል!» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።