የማህጁብ ክብርና ዝምታ

በካርቱም፣ በአል-ጣኢፍ ሰፈር ተቀምጦ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሱዳናዊውን ደራሲ የጣይብ ሳሊህን ልብ ወለድ «ወደ ሰሜን የስደት ወቅት» የሚያነብ ሰው ልቡ በዋናው ገጸ ባሕርይ በሙስጠፋ ሰዒድ ቢሰረቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የልብ ወለዱ መንደር ምሰሶ ማህጁብ ነው እላለሁ። ለገበሬ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ይበቃዋል ብሎ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ የተወው ይህ ሰው የእርሻ ልማቱን ኮሚቴ ይመራል፤ እንግሊዝ አገር ሰባት ዓመት የተማረው ጓደኛው፣ ተራኪው፣ ካርቱም ትምህርት ሚኒስቴር ይሠራል። በሌላው የሳሊህ ሥራ በ«የዘይን ሰርግ» ውስጥም ሰርጉንና ለቅሶውን የሚያስተባብሩት ማህጁብና ባልንጀሮቹ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አበጀ በለውን አስነስቶ ገበሬውን በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያሳምፃል። ማህጁብ ግን ጠመንጃ አያነሳም። ክብሩ ከማሳውና ከስብሰባው የተገኘ ነው፤ ለእኔ የበለጠ የሚያሳምነኝም ይህኛው ነው።

የሙስጠፋ ሰዒድ ሚስት የነበረችው ሑስና ቢንት ማህሙድ ባሏን ካጣች በኋላ ያለ ፈቃዷ ለሽማግሌው ለወድ ረይስ ስትዳር ይህ የተከበረ ሰው የት ነበር? የሚል አለ። ልክ ነው፤ ይህን ላቃልለው አልችልም። ማህጁብ ልማዱን ተቀብሎ ቆመ፣ ሑስናና ወድ ረይስም ሞቱ። መንደሩን ስለሚመስል ተከበረ፤ ያው መምሰል እጁን አሰረው። የተማረው ተራኪስ? ሑስና አግብቶ እንዲያድናት ፈልጋ ነበር፤ እሱም ይወዳት ነበር። ዝም ብሎ ወደ ካርቱም ሥራው ተመለሰ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መጥቶ እጁን ያሳረፈው ግን ማህጁብ አንገት ላይ ነው።