ይቅር ስለ መባባል፤ በእነዋሪ ያገኘን ነገር

ክርስቲያን የሆነ ሰው ሁሉ በአባታችን ሆይ ጸሎት እግዚአብሔርን ይቅርታ ሲለምን፥ ልመናውን የሚያስረው እርሱ ራሱ ለበደለው ሰው ከሚያደርገው ይቅርታ ጋር ነው። ስለ ዕለት እንጀራም ሆነ ስለ ፈተና ስንለምን እንዲህ ያለ ውል አልገባንም። ቂም ይዞ ይህን ጸሎት የሚደግም ሰው በገዛ ራሱ ላይ ምን እንደሚለምን ቢያስብ ይደነግጥ ነበር። እኛ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ስንደግመው ኖረን አልደነገጥንም። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው የሌላ ሰው ታሪክ ሳይሆን የራሳችን ነው።

የተወለድንበት አገር በሞረትና ጅሩ እነዋሪ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ስንዴውንና ጤፉን፥ የጅሩንም ሰንጋ ያውቃል። መሬቱ ሜዳና ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህም ገበሬው ከነቤተ ሰቡ፥ ሴቱም ሕፃኑም፥ በጭቃው ውስጥ አጐንብሶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ማሳውን እንደ ሹሩባ መደብና ቦይ፥ መደብና ቦይ ያደርገዋል፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ዘሩ በመደቡ ላይ ሳይበሰብስ ይበቅላል። ይህን የአገራችንን ሰው ጥበብ የግብርና ሊቃውንት ሳይቀሩ መጥተው አይተው ጽፈውበታል። ነገር ግን ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሃ ወደ አንድ ስፍራ መውረዱ አይቀርምና፥ የጐረቤት ጠብም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ከቦዩ ጫፍ ነው።

የአጎታችን ልጅ ማሳ ከእናታችን ማሳ በላይ ነበረ። ከእርሱ ጋር አብረን ከብት ጠብቀናል፤ በአንድ የኔታ ፊት ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል። አንድ ዓመት በነሐሴ ዝናሙ በበረታ ጊዜ ወደ ወንዙ የሚወርደውን የቦዩን አፍ በሌሊት ደፍኖ ውሃውን ሁሉ በእናታችን ስንዴ ላይ ለቀቀው። ሳያውቅ ያደረገው አይደለም፤ በኋላ እርሱ ራሱ አምኗል። ስንዴው ቢጫ ሆኖ በሰበሰ፤ እናታችንም፥ ባሏ የሞተባት ሴት፥ የዚያን ዓመት እህል በሸመታ በላች።

እኛ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበርን። ወሬው እንደ ደረሰን ክስ ጻፍን። እናታችን «ልጄ፥ ስንዴው ሞቷል፤ ዘመድ ግን አልሞተም፤ ተወው» ብትለን የገበሬ የዋህነት መሰለን። እንቢ ብላ እንዳታሳፍረን ውክልናውን ፈረመችልን። ጕዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲጓተት ሁለት ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻውም ረታን፤ ካሣውም ተከፈለ። በሒሳብ ቤት ቢሆን መዝገቡ በዚህ ይዘጋ ነበር። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሰላምታ ነሣነው። ለበዓል ወደ አገር ስንወርድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብናገኘው ፊታችንን ወደ ግንቡ እናዞር ነበር። አንድ ጊዜ ትንሹ ልጃችን «ያ ሰው ማነው? ለምን ሰላም አንለውም?» ብሎ ቢጠይቀን፥ «ክፉ ሰው ነው» ብለን መለስንለት። በዓመቱ ልጁ ሰውየውን ባየ ጊዜ እኛ ሳናዝዘው ፊቱን አዞረ። ይህን ስንጽፍ ከነገሩ ሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረን ይኸው ነው።

በመጨረሻ ላይ ቅዱስ ቍርባን ለመቀበል ፈልገን ወደ ነፍስ አባታችን ቀረብን። እርሳቸውም የተጣላነው ሰው እንዳለ ጠየቁን። እኛም ነገሩ በሕግ እንዳለቀ፥ በዳዩም መጥቶ ይቅርታ እንዳልጠየቀን እንደ ጠበቃ አድርገን አስረዳናቸው። አባታችን ዝም ብለው ሰሙንና፥ «ልጄ፥ ወደ እነዋሪ ስትሄድ ደብረ ብርሃንን ታልፍ የለምን? እንገጫ ምን እንደ ተደረገ ታውቃለህ?» አሉን።

እናውቅ ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የኢጣልያ ሠራዊት በሕዝቡ ላይ ያደረገው እልቂት የታወቀ ነው። በግንቦትም ወር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሰብስቦ ፈጀ፤ ከዲያቆናቱም ብዙዎቹን ወደ ደብረ ብርሃን ወስዶ ከከተማው አጠገብ እንገጫ በተባለው ስፍራ ገደላቸው። ገዳዮቹ ለመንግሥታቸው በላኩት ወሬ የገደሉት 449 ሰው ነው ብለው አመኑ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ቍጥሩ ከሺህ በላይ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከዚህ አራት ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ሲገቡ፥ ሕዝቡ ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ፥ በጭካኔም ስሙን እንዳያጐድፍ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ የተነገረው አባቱን፥ ወንድሙን፥ የነፍስ አባቱን ላጣ ሰው ነው። ጠመንጃው በእጁ ነበረ፤ በከተማውም ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በአገራችን ቀርተው ግንበኛና መካኒክ፥ ነጋዴም ሆነው ኖሩ።

ነገር ግን ያ ይቅርታ ግፉን መካድ አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን ዐሥር ሰዎች ስም ለጦር ወንጀል መርማሪው ኮሚሽን አቅርቦ ነበር፤ በኢትዮጵያ ስላደረጉት ግፍ ግን አንዳቸውም ለፍርድ ሳይቀርቡ ቀሩ። የየካቲት 12 ሰማዕታትም በስድስት ኪሎ በቆመው ሐውልት ዘንድ በየዓመቱ ይታሰባሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ፍርዱን እየጠየቁ፥ ሳያገኙትም፥ በቀሉን ትተዋል። እኛ ደግሞ ፍርዱን ከነካሣው ካገኘን በኋላ በቀሉን ይዘን ቀረን። ከወንጌል ውስጥ ጌታው እልፍ መክሊት የማረውን፥ እርሱ ግን በመቶ ዲናር ባልንጀራውን አንቆ የያዘውን ባሪያ ስንሰማ ሁልጊዜ እንስቅበት ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልሳቅንም። ምናልባት ታላቁን በደል የምንሸከመው ከሕዝብ ጋር ስለ ሆነ ይቀለን ይሆናል፤ የቦዩ ውሃ ግን የብቻችን ነበረ።

ይህን ሁሉ ተረድተን ስናበቃ እንኳ ሰው አልላክንም። ሰው ልቡ ከተረዳ በኋላ እግሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው።

በጥቅምት እናታችን ታመመች። ደርሰን ከአልጋዋ አጠገብ ስንቀመጥ የአጎታችንን ልጅ ስም ጠርታ «ታረቁ» አለችን። «እሺ» አልናት። ነገ እናስጠራዋለን እያልን ሦስት ቀን አለፈ፤ እርሷም ሦስቱን ቀን ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ቆየች። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ዐረፈች።

ሬሳዋን ይዘን ከቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መቃብሩ ገና አላለቀም ነበር። ከሚቆፍሩት ሰዎች መካከል እርሱ ነበረ። እስከ ደረቱ ጕድጓድ ውስጥ ቆሞ ጥቁሩን አፈር ወደ ላይ ይዝቃል፤ ቀናም ብሎ አላየንም። በልቅሶው ላይ አንዲት ጐረቤት ስታለቅስ የተናገረችውን ሰምተን ብንጠይቅ፥ እናታችን ስንዴው በጠፋበት በዚያው ዓመት መስቀል ሳይጠባ ይቅር ብላው ኖሯል። እርሱም ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የራሱን ማሳ ሳይጀምር አስቀድሞ የእርሷን ቦይ በእጁ ያወጣላት ነበር። እንዳንቈጣ ብላ ደብቃናለች። እኛ ስለ እርሷ ተበድለናል እያልን በተጣላነው ዘመን ሁሉ እርሷ ታርቃ ትኖር ነበር ማለት ነው።

በአርባዋ ዕለት ሽማግሎቹ ከደጁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እርሱም እንደ አገሩ ልማድ በአንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ አጐነበሰ። እኛም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲለን ምን እንደምንመልስ ሌሊቱን ስናጠና ያደርን ሰዎች፥ ቃሉ ከአፋችን አልወጣ አለን። ዝምታው በረዘመ ጊዜ ከሽማግሎቹ አንዱ «ልጄ፥ ድንጋዩ ይከብዳልኮ፤ ቶሎ በል» አሉን። ያን ጊዜ ተነሥተን ድንጋዩን ከአንገቱ አነሣንለት፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ አንተም ይቅር በለኝ» አልነው። ካህኑም «ይፍታሕ» ብለው ባረኩን።

ልጃችን በበሩ ቆሞ ያይ ነበር። ጠርተን «ይህ አጎትህ ነው፤ ሳመው» ብንለው አስቀድሞ የእኛን ፊት አየ፤ ፊታችን እንዳልተለወጠ ካረጋገጠ በኋላ ቀረብ ብሎ ጕልበቱን ሳመ።

ዘንድሮ ልጁ የክረምቱን ዕረፍት በእነዋሪ ከአጎቱ ጋር ቦይ ሲያወጣ ከርሞ እጁ ቈስሎ ተመለሰ። እኛም በአዲስ አበባ ሌሊት ዝናም ሲበረታ አሁንም የበሰበሰው ስንዴ ትዝ ይለናል፤ ከእርሱም ይልቅ እናታችን ወደ በሩ እያየች የቆየችባቸው ሦስት ቀኖች ትዝ ይሉናል።