ከፓምፑ ሥር ጠብ የምትለው ውሃ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የምትመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው የፓምፕ ድምፅ ለምዶታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንዱ ግቢ ሲጀምር የሌላውም ይከተላል፤ ሮቶው ሳይሞላ እንቅልፍ የለም። ይህን ያህል የምንደገፍበት ዕቃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግን የብዙዎቻችን መላ ከሥሩ ባልዲ መደቀን ነው። በሰከንድ አንዲት ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ትሆናለች። ባልዲው እየተደፋ ወራት ያልፉና አንድ ቀን ሞተሩ ይቃጠላል፤ አዲስ ይገዛል። በጣም ያሳዝነኛል፤ መጀመሪያ ያለቀችው በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ዕቃ ነበረቻ!

ሰሞኑን ጎረቤታችን እማማ «ፓምፑ አልቆለታል፣ ይቀየር» ተብለው ጨንቋቸው ነበር። «እስቲ መጀመሪያ እንየው እማማ፣ እንዳይገዙ» አልኳቸው።

ዋናው ነገር ውሃው በየት እንደሚወጣ መለየት ነው። ፓምፑን በጨርቅ አደረቅነው፣ ዙሪያውን ሶፍት አነጠፍን፣ ለአፍታ አስነሳነው። ከቧንቧው መጋጠሚያ ቢያፈስ ቴፍሎን ይበቃው ነበር፤ ከፊት ክዳኑ ዙሪያ ቢሆን ደግሞ ጎሚኒው ነው። የረጠበው ሶፍት ግን በፓምፑና በሞተሩ መካከል፣ ከታች ካለችው ትንሽ ክፍተት ሥር ያለው ነበር። ይቺ ክፍተት ሆን ተብላ የተሠራች ናት። «ሜካኒካል ሲል» የሚባለው ሲያልቅ ውሃው ወደ ሞተሩ ሳይዘልቅ በእሷ በኩል እንዲወጣ ነው። በማስቲሽ የሚደፍኗት ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትድፈኗት። መውጫ ያጣው ውሃ ኩሽኔታውን ያዝገዋል፣ ከዚያም የሞተሩን ጥቅልል ያገኘዋል።

ሜካኒካል ሲል ሁለት ቀለበት ነው። ጥቁሩ ካርበን ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ነጩ ሴራሚክ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ስፕሪንግ ያጣብቃቸዋል። በደቂቃ 2,800 ጊዜ ያህል እየተፋተጉ የማይቃጠሉት በመካከላቸው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የውሃ ሽፋን ስላለ ነው። የእኛ ከተማ ፓምፖች መከራ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ «ስትመጣ ይስባታል» ብለን ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ እንለቀዋለን። ቀለበቶቹ ያለ ውሃ ይግላሉ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ድንገት ሲደርስባቸው ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። የእማማ ፓምፕ ሲፈታ ነጩ ቀለበት ላይ ጥፍር የምትይዝ ቀጭን ስንጥቅ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄዳለች።

መፍታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፤ በዚህ ቀልድ የለም፣ ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ነው ያሉት። ካፓሲተሩም ሶኬቱ ተነቅሎ እንኳ ኃይል ስለሚይዝ አይነካም። የክዳኑ ቡሎኖች ሲወጡ ኢምፔለር የሚሉት ባለ ጥርስ ናስ ይታያል። ዘንጉ ላይ ጠብቆ ስለሚቀመጥ ሁለት ካቻቢቴ ግራና ቀኝ አስገብቶ እኩል እያነሱ ማውጣት ነው፤ በመዶሻ ከተመታ ዘንጉ ይጣመማል። ሲሉን ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን ግምት የተገዛ አይገጥምም። አዲሱ ሲገባ ጎማው በሳሙና ውሃ ይርጠብ፣ የሚፋተጉት ገጾች ደግሞ በጣት አይነኩ።

ከመነሳቱ በፊት ፓምፑን በላይኛው መክፈቻ ውሃ ሞላነው፤ ይህ ከተረሳ አዲሱም ሲል በደረቁ ይነሳል። ዘንጉን በእጅ ስናዞረው ሳይንኳኳ ዞረ፤ ቢንገራገጭ ኖሮ ኩሽኔታውም ይቀየር ነበር። አስነሳነው፣ ሶፍቱ ደረቅ ነው። እማማ መረቁኝ።

ሥራው ግን አላለቀም። ፓምፑ አሁንም የሚስበው በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ነው፤ ይህ ደግሞ የጎረቤትን ድርሻ ይሻማል፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለም ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይጠባል። ግቢያቸው ውስጥ ሥራ ፈት የተቀመጠ ንጹሕ በርሜል አለ። መስመሩ በራሱ ግፊት በርሜሉን ይሞላል፣ ፓምፑ ከበርሜሉ ወደ ሮቶው ይገፋል፣ የበርሜሉ ውሃ ሲጎድል ፍሎተሩ ፓምፑን ያጠፋዋል። ቅዳሜ እሱን እንገጥማለን።